የአንበሳ መዳፍ የታተመበት ትምህርት ቤት

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም በአንድ ሕግ ሥር ይኖር በነበረበት አገር፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ሸክም መረራት። ጀርባዋ ተልጧል፤ ዕድሜዋም እየገፋ ነው። «ጉልበቴ ሳይከዳኝ የእጅ ሙያ ካልያዝኩ ማን ይጦረኛል?» ብላ አሰበች። አህያ ምን እጅ አላት እንዳትሉኝ፤ በተረት አገር ጥርስም እጅ ነው።

የአገሩ መሬት ድንጋያማ፣ እሾሁም ብዙ ነበር። በሬው፣ ፍየሉ፣ በቅሎው ሁሉ ሰኮናውን ያመዋል። የሚያክመው ግን አንዲት አሮጊት ጃርት ብቻ ነበረች፤ እሷም ለሁሉ አትዳረስም። ስለዚህ ቀበሮ ከወንዙ ማዶ «የሰኮና ሕክምና ማሠልጠኛ፣ በአንድ ዓመት ባለሙያ» የሚል ሰሌዳ ሲሰቅል ዳለቻ ልቧ በደስታ ዘለለ። ክፍያው ሥራ ነበር፤ ተማሪ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ለቀበሮ ውኃና እንጨት ይሸከማል። ዕድሜ ልክ ከመሸከም አንድ ዓመት መሸከም ይሻላል ብላ መጣች።

በሩ ላይ ስትደርስ አስተማሪውን አየች። ጅብ ነው። ወደ መጣችበት ልትመለስ ዞረች።

«አይዞሽ፣ እመት ዳለቻ» አለ ቀበሮ። «ሕጉ፣ አስተማሪ የሚሆነው ከሰኮና ጋር አሥር ዓመት የሠራ ይሁን ይላል። ከአያ ጅቦ የበለጠ ሰኮና የሚያውቅ ካለ እስቲ ጥሪልኝ! ደግሞ ይኸውልሽ፣ ይህን እዪ።»

በበሩ ጭቃ ላይ የአንበሳ መዳፍ ታትሟል። በዚያ አገር የጌታ አንበሳ መዳፍ ያረፈበት ቤት ተመርምሮ የተፈቀደ ቤት ነው፤ ይህን ትንሹም ትልቁም ያውቃል። ዳለቻ መዳፉን አየች፣ ጅቡን አየች፣ እንደገና መዳፉን አየች። ከዚያ ገባች። አህያ ከጅብ ፊት ቁጭ ብላ ስትማር አስቡት እንግዲህ!

ትምህርቱም ይህን ይመስል ነበር።

«ሰኮና ስንት ዓይነት ነው?» ይላል ጅብ።

«አናውቅም፣ የኔታ» ይላሉ ተማሪዎቹ።

«ሁለት ዓይነት ነው። የሚቆረጠምና እንዳለ የሚዋጥ።»

ከኋላ የተቀመጠችው ፍየል ሳል ያዛት።

«የኔታ፣ ካበጠስ ምን ይደረጋል?» ብላ ዳለቻ ጠየቀች።

ጅብ ብዙ አሰበ። «ካበጠማ…» አለ በመጨረሻ፣ «ካበጠማ ይለሰልሳል» ብሎ ምራቁን ዋጠ።

ዳለቻ ይህንንም በቃሏ ያዘች። ነገሩ አልገባትም፤ ያልገባት ግን በራሷ ደደብነት መሰላት። «እኔ አህያ አይደለሁ? ጊዜ ይወስድብኛል» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ የተታለለ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

የአንበሳ ተቆጣጣሪ ዝንጀሮ ነበር። እንደ ልማዱ ከሦስት ቀን በፊት «ለምርመራ እመጣለሁ» ብሎ ላከ። ቀበሮ ሦስቱን ቀን ሲሯሯጥ ሰነበተ። ከጃርቷ ወስፌዎቿንና የመድኃኒት ቅሎቿን ተዋሰ፤ ከየጎረቤቱ በርጩማ ሰበሰበ። ዝንጀሮ መጣ። በርጩማ ቆጠረ፣ ሃያ። ቅል ቆጠረ፣ ስምንት። ሰሌዳውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ዳለቻ አንገቷን አስግጋ ልትናገር ስትል «ተማሪ አይረብሽ!» ብሏት አለፈ።

በማግስቱ ዕቃው ሁሉ ወደየባለቤቱ ተመለሰ። ጃርቷ ቅሎቿን ልትወስድ ስትመጣ ዳለቻ ጠጋ ብላ «እማማ፣ እርስዎ ለምን ትምህርት ቤት አይከፍቱም?» አለቻት።

«ጠይቄ ነበር፣ ልጄ። በርጩማ የለሽም ተብዬ ፈቃድ ተከለከልኩ» አለች ጃርቷ፤ ቅሎቿን አዝላም ሄደች።

ዓመቱ አለቀ። ዳለቻ የአንበሳ መዳፍ የታተመበትን ምስክር ወረቀቷን ተቀብላ ከመንገድ ዳር ባለ ዋርካ ሥር ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያው በሽተኛ ወይኖ የሚባል በሬ ነበር። የፊት እግሩ አብጧል፤ እያነከሰ መጥቶ ሰኮናውን ዘረጋላት።

ዳለቻ አጎንብሳ አየች። የሚቆረጠምና የሚዋጥ። ካበጠ ይለሰልሳል። ሌላ የምታውቀው ነገር በጭንቅላቷ ውስጥ ፈልጋ አጣች። ጥርሷን ወደ እብጠቱ አስጠጋች፤ የት እንደምትነካ ግን አታውቅም።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ነገ እርሻ አለብኝ» አለ ወይኖ።

ዳለቻ አለቀሰች። «ጋሼ ወይኖ፣ አልዋሽዎትም። ምንም አላውቅም። ወደ ጃርቷ ይሂዱ።»

ወይኖ አልተቆጣትም። «እኔ እኮ ማኅተሙን አይቼ ነው የመጣሁት» ብቻ ብሎ እያነከሰ ሄደ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጧት ዳለቻ አብረዋት የተማሩትን አስከትላ ከአንበሳ ችሎት ቆመች። የሆነውን ሁሉ ከጅቡ ትምህርት እስከ ወይኖ እግር ተናገረች። አንበሳ አገሳ፤ የዛፉ ቅጠል ረገፈ። «ትምህርት ቤቱ ዛሬውኑ ይዘጋ!» ብሎ ፈረደ። ችሎቱ አጨበጨበ። ሁሉም ለመበተን ሲነሣ ዳለቻ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ተፈርዶልሽ የለ? ምን ቀረሽ?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ በሩ ተዘጋ። እኛስ?»

«እናንተማ ነፃ ናችሁ። ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

«ጌታዬ፣ ቀበሮን አውቀዋለሁ። የጅብንም ነገር እናቴ ነግራኛለች። እነሱን አምኜ ወደዚያ ቤት አልገባሁም። የገባሁት እርስዎን አምኜ ነው።»

አንበሳ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። «አንተ፣ ምን ነበር የመረመርከው?»

«በርጩማ ቆጥሬአለሁ፣ ጌታዬ። ቅልም ቆጥሬአለሁ።»

«ተማሪዎቹንስ ምን ጠየቅሃቸው?»

ዝንጀሮ ራሱን አከከ። «ጌታዬ፣ የምርመራው መጠይቅ ላይ ተማሪ የሚል የለም።»

መጠይቁን ያወጣው አንበሳ ራሱ ነበር። አፈረ። ጌታ ሲያፍር ማየት ከባድ ነው፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። አንበሳም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ፈረደ። ዝንጀሮ ከእንግዲህ ሳይነገር በድንገት ይሂድ፤ ሲደርስም ተማሪውን ሠርተህ አሳየኝ ይበል። ጃርቷ በርጩማ ይኑራትም አይኑራትም ፈቃድ ታግኝ። የቀበሮ ተማሪዎች በሙሉ ያለ ክፍያ እሷ ዘንድ ይማሩ፤ የመጨረሻው ተማሪ ሙያውን እስኪጨብጥ ድረስ ውኃና እንጨቷን ቀበሮና ጅብ ይሸከሙ።

«ምሳችንንስ እዚያው ነው የምንበላው?» አለ ጅብ። ቀበሮ በክርኑ ጎሰመው።

ዳለቻ እጅ ነሣች። ትንሽ ተራምዳ ግን ተመለሰች።

«ዓመቴስ፣ ጌታዬ?»

አንበሳ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በልቡ አገላበጠ።

«እሱን መመለስ አልችልም» አላት።

ዳለቻም የጃርቷን ቤት መንገድ ያዘች፤ በአንድ ዓመት አርጅታ፣ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ልትጀምር።

ከዚህ የምንማረው፣ ትምህርት ቤት የሚመዘነው በደረደረው ዕቃ ሳይሆን ተማሪው በያዘው ሙያ መሆኑንና ፈቃድ ሰጥቶ ማኅተሙን ያሳረፈም ለባከነው የተማሪ ዕድሜ አብሮ እንደሚጠየቅ ነው።