ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ መኪና መንዳት በለመደበት ዘመን፣ ጅብ ወደ ምንጩ የሚያወጣውን ዳገት ዘጋ። አህዮች ውሃ ለመጠጣት ተራራውን ዞረው ግማሽ ቀን መሄድ ግድ ሆነባቸው። በዚያ ረጅም መንገድ ሁለት ውርንጭላዎች በውሃ ጥም ወድቀው ቀሩ። የአንደኛዋ እናት ዳለቻዋ አህያ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

ጅብ ሐዘኗን ሰምቶ መልእክት ላከባት። በመኪና እንሽቀዳደም፣ ዳገቱን ቀድመሽኝ ከወጣሽ ምንጩ ለዘርሽ ሁሉ ይሁን፣ ከቀደምኩሽ ግን እበላሻለሁ አላት። የጅብ መኪና በቀበሮ ጋራዥ ተለክታ ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት እንደወጣላት አገር ያውቃል። አህያዋም አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ ፈጣን መኪና ነበረቻት፤ ጉልበቷን ግን አታውቅም። ስለዚህ መልስ ከመስጠቷ በፊት ልታስለካት እዚያው ጋራዥ ሄደች።

የቀበሮ መለኪያ ቀላል ነገር ነው። መኪናው ባለበት ቆሞ ጎማዎቹ ከሥራቸው ያለውን የብረት በርሜል ያሽከረክራሉ፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ይወጣል። ችግሩ መለኪያው የሚይዘው ሁለት ጎማ ብቻ መሆኑ ነው። ቀበሮ ግን አልተጨነቀም። ለፊት ጎማዎች ጉልበት የሚያደርሰውን ዘንግ ፈታ፣ የኋላዎቹን በርሜሉ ላይ አወጣ፣ ሞተሩን አስጓራው። ሰሌዳው መቶ ሃምሳ አለ።

የአህያዋ ጆሮ ወደቀ።

«ምን ያስከፋዎታል እሜቴ?» አለ ቀበሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይሄ እኮ በሁለቱ ጎማ ብቻ የወጣ ነው። ሁለቱ መቶ ሃምሳ ካወጡ፣ አራቱ ስንት ያወጣሉ?»

«ሦስት መቶ» አለች። ጆሮዋም መልሶ ቆመ።

ጋራዡ ውስጥ ብሎን እየለቀመች የምትኖር አንዲት አሮጊት ኤሊ ነበረች። አህያዋን በሩ ላይ ጠብቃ አስቆመቻት።

«ልጄ፣ ሞተሩ አንድ ነው» አለቻት። «የፊቱ ዘንግ ሲፈታ ያለውን ሁሉ በኋላ ጎማዎች አወጣ። መቶ ሃምሳው ሙሉው ነው። ዘንጉ ሲገጠም ያው መቶ ሃምሳ ለአራት ይካፈላል እንጂ አይጨመርበትም። አራት ጎማ ጭቃ ላይ እንዳትንሸራተቺ ይረዳሻል፣ ጉልበት ግን አይወልድልሽም።»

አህያዋ አልገባትም እንዳልል፣ በደንብ ገብቷታል። ግን ልጇ ከሞተች ወዲህ የሰማችው ደስ የሚል ነገር ያ ቁጥር ብቻ ነበርና ልትለቀው አልፈለገችም። ኤሊ ስለ ፍጥነት ምን ታውቃለች ብላ ወጣች፤ ለጅብም እሺ ብላ ላከች። ጅብ በበኩሉ፣ ሦስት መቶ ፈረስ ይዛ ትመጣለች ብሎ ቀበሮ ሲነግረው ምራቁን ዋጠ።

የውድድሩ ቀን መሬቱ ደረቅ ነበር። ቢዘንብ ኖሮ ምናልባት አራቱ ጎማ ያወጣት ነበር፣ ሰማዩ ላይ ግን አንዲት ደመና አልነበረችም። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ጎን ለጎን ሄዱ። በሁለተኛው ኩርባ ከፊቷ የነበረው የጅብ አቧራ ብቻ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረገጠችው፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ከዚያ በላይ አልፈጠነችም። «ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ» እያለች ትንሽ ወጣች። ከዚያም ለራሷ ብቻ «መቶ ሃምሳ» አለች።

ጅብ አናቱ ላይ መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ከታች ሆነው ሲያዩ የነበሩት አህዮች ፊታቸውን አዙረው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ረጅሙን መንገድ ጀመሩ።

ቀበሮ የተረፈ ነገር ካለ ብሎ ሲደርስ፣ ጅብን አፉን በደም ለውሶ የመኪናዋን ሞተር ክዳን ሲገነጥል አገኘው።

«ሦስት መቶ ፈረስ አለ ብለኸኝ አልነበር?» አለው ጅብ። «የታሉ?»

«አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ፣ አጠገቡ ካለው ሥጋ እየጎተተ፣ «ከመጀመሪያውም የነበረችው አንዲት አህያ ናት።»

ከዚህ የምንማረው፣ መለኪያ የሰጠንን ቁጥር ምኞታችን ሲያበዛው ዝም ብለን ከተቀበልን፣ ዳገቱ ላይ የምናገኘው ያንኑ የመጀመሪያውን ቁጥር መሆኑን ነው።