አንገቷን የደፋችው የወፍ ዳኛ

በድሮ ዘመን፣ ወፍ ከሰው ይልቅ ብዙ አገር ባየበት ጊዜ፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የተማረች ነበረች፣ ዓይን አፋር ነበረች፣ ስለ ወፍ ደግሞ ምንም አታውቅም ነበር። ይህን ሦስተኛውን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።

ልጆች፣ የተማረች ስላችሁ በትንሹ እንዳይመስላችሁ። ዳዊት በቃሏ ትደግማለች፤ የከዋክብትን መንገድ ታውቃለች፤ የነገሥታትን ዘር አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ዶሮን ከጅግራ ለመለየት ግን፣ ዶሮዋ እንቁላሏን ይዛ ምስክር ሆና መቅረብ ነበረባት።

ዓይን አፋርነቷስ? ሰው ሲያናግራት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትስባለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ዝም ትላለች። ጎረቤቶቿ "አቤት ጨዋነት!" ይላሉ። እሷ ግን በነጠላዋ ውስጥ ላብ በላብ ሆና፣ "ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ" ትላለች።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ብርቱ ንፋስ ታይቶ የማይታወቅ ወፍ ይዞ ሲመጣ፣ ያ ወፍ የንፋስ እንግዳ ይባላል። የእግዜር እንግዳ ነውና ማንም አይነካውም። ያረፈበት ቤት ይመግበዋል፤ ሲበረታ መንገዱን ይሄዳል። ወፉ ከሰው ቤት ያመለጠ ከሆነ ግን ለጌታው ይመለሳል፤ ያስጠጋው ሰውም እንደ ሌባ ተቆጥሮ ከብቱ ለባለ ወፉ ይነዳል።

ታዲያ የንፋሱን ካመለጠው ማን ይለየው?

ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ሆዱ ሰፊ፣ ምላሱ ጣፋጭ፣ እንባው ቅርብ። በእልፍኙ ውስጥ ከቀርከሃ በተሠሩ የወፍ ቤቶች ወፎችን ያኖራል። አንድ ቀን ንፋስ ነፈሰና አንድ እንግዳ ወፍ ከአንዲት ባልቴት ጣራ ላይ አረፈ። ባላምባራስ ባዶ የወፍ ቤት ታቅፎ እየሮጠ መጣ። "ወፌ! ልጄ! ትናንት አምልጦኝ!" እያለ አለቀሰ።

ነገሩ የአገሩ ንጉሥ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ "የተማረ ሰው ጥሩልኝ" አሉ። አንጓችን አመጧት።

"አንጓች፣ ይህ ወፍ የቤት ነው?"

አንጓች ወፉን አየችው። ወፉም አንጓችን አያት። ሁለቱም ምንም አልገባቸውም። "አላውቅም" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሕዝቡ ሁሉ ሲያያት አየች። አፈረችና አንገቷን ደፋች።

"አንገቷን ደፋች! አዎ ማለቷ ነው!" አለ ባላምባራስ።

የባልቴቷ ላም ተነዳች። አንጓችም በዚያው ቀን የወፍ ዳኛ ተብላ ካባ ለበሰች።

በማግስቱ ሰዎች "እንዴት ለየሽው?" ብለው ከበቧት። መቼስ የለበሰችውን ካባ አውልቃ አትጥለው። "ወፉ... ሰው አልፈራም። ሰው የማይፈራ ወፍ የቤት ነው" አለች በነጠላዋ ውስጥ። ሕዝቡ "ወይ ትምህርት!" አለ። እሷም እያደር የገዛ ቃሏን እንደ መጽሐፍ ቃል አመነችው።

ሁለተኛ ንፋስ ነፈሰ። ሁለተኛ ወፍ መጣ። ባላምባራስ ሁለተኛ አለቀሰ፣ አንጓች ሁለተኛ አንገቷን ደፋች። የአንድ ሸማኔ በቅሎ ተነዳች።

ሦስተኛው ንፋስ ቢራራ ከሚባል ንብ አናቢ ደጅ ደረሰ። ጭራው እንደ ክንድ የረዘመ ሰማያዊ ወፍ አምጥቶ ከቀፎው ላይ አሳረፈለት። ባላምባራስም እንደ ልማዱ ባዶውን የወፍ ቤት ታቅፎ መጣ። ፍርዱ ለቅዳሜ ገበያ ተቀጠረ።

ቢራራ ወደ አንጓች ቤት ሄደ።

"እሜቴ፣ ያለኝ አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቴ በሬ ጋር አጣምሬ በመቀናጆ ነው የማርሰው። የኔ በሬ ከተነዳ የሁለታችንም ማሳ ጦሙን ያድራል።"

አንጓች ከምሰሶው ኋላ ሆና "ወፉ... ሰው ይፈራል?" ብላ ጠየቀች።

"ኧረ ምን ይፈራል! ከእጄ ማር ይልሳል እንጂ!" አለ ቢራራ ደስ ብሎት።

አንጓች ምሰሶውን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። "አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ትንሽ ብታስደነግጠው?"

"እንግዳ ማስደንገጥ ነውር አይደለም እንዴ፣ እሜቴ? ደክሞት እኮ ነው። ደግሞስ ምነው ከምሰሶው ኋላ? እኔ አልናከስም!"

ሰውየው ሲሄድ አንጓች ምሰሶውን እንዳቀፈች ቀረች። "እኔ በአራት ግድግዳ መሐል፣ በሰው እጅ እየጎረስሁ ያደግሁ ነኝ። እንደኔ ያለ የቤት ፍጥረት የለም። ሰው ሳይ ግን እበረግጋለሁ። በራሴ ሕግ ከሄድን እኔ የዱር አውሬ ነኝ!" አለች። ሳቀች። ወዲያው ያስነዳቻቸው የባልቴቷ ላምና የሸማኔው በቅሎ ትዝ አሏትና ሳቋን አቋረጠች።

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ባላምባራስ ቤት ሄደች። በገዛ ፈቃዷ ወፍ ለማየት ከቤቷ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ ዳኛ!" አለ ባላምባራስ። "አንገትሽን አደራ፤ ለቅዳሜ ያስፈልገኛል!"

አንጓች ከአንዱ የወፍ ቤት ወደ ሌላው አለፈች። የወፎቹ ግንባር ከቀርከሃው ጋር ሲታሽ ኖሮ ተመልጧል። ጥፍራቸው መሬት ሳይነካ አድጎ እንደ ማጭድ ቆልምሟል። ጭራቸው እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበጣጥሷል። ጥግ ላይ ሁለት ወፎች አሉ፤ የእነሱ ግንባር ገና መመለጥ መጀመሩ ነው። አወቀቻቸው። የፈረደችባቸው ወፎች ናቸው።

ወፎቹ አዩዋት። አንጓች አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ግን በማን ፊት እንደምትደፋ አውቃ ደፋች።

ቅዳሜ ደረሰ። ንጉሡ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰማያዊው ወፍ ከቢራራ ትከሻ ላይ፣ የቢራራ በሬ ከገመዱ ጋር፣ ባላምባራስ ከባዶው የወፍ ቤትና ከእንባው ጋር ቀረቡ።

"አንጓች፣ የቤት ነው ወይስ የንፋስ?"

ሕዝቡ ሁሉ አያት። ልማድ ክፉ ነው፣ ልጆች! ያ አንገት ሳታዝዘው ወረደ።

"ደፋች! አዎ አለች!" ባላምባራስ የበሬውን ገመድ ያዘ።

"አላልሁም!"

ድምፁ ከየት እንደመጣ ሕዝቡ ዞሮ ፈለገ። አንጓችም ዞራ ፈለገች። ከእሷው ነበር የወጣው።

"ጃንሆይ፣ አዎ አላልሁም፤ አፍሬ ነው። የመጀመሪያውም ቀን አፍሬ ነው፣ ሁለተኛውም ቀን አፍሬ ነው። እኔ የማውቀው ወፍ ቢኖር በወጥ የመጣ ዶሮ ብቻ ነው። አላውቅም ማለት ቢከብደኝ ላም አስነዳሁ፣ በቅሎ አስነዳሁ።"

ንጉሡ ጢማቸውን ይዘው "ዛሬስ ታውቂያለሽ?" አሉ።

"ዛሬ አይቼ መጥቻለሁ። እርስዎም ይዩት። ከባላምባራስ እልፍኝ አንድ ወፍ ይምጣ።"

መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የአንደኛው ግንባር መላጣ፣ የሌላው ሙሉ። የአንደኛው ጥፍር ቆልማማ፣ የሌላው ደህና። የአንደኛው ደረት በጥሬ ብዛት እንደ ድፎ የነፋ፣ የሌላው ረኃብ ከሥጋው አራቁቶት እንደ ቢላ የሰላ። የሰማያዊው የክንፉ ጫፍም በረጅም መንገድ ተፈግፍጓል።

"ሰማያዊው የሚያምረው በደንብ ስለያዝሁት ነው!" አለ ባላምባራስ።

"እንግዲያው ይዘውት በመጡት የወፍ ቤት ይግባላ" አለች አንጓች።

ወፉ ገባ። ጭራው ግን ውጭ ቀረ። ወዲህ ቢያዞሩት በዚህ ወጣ፣ ወዲያ ቢያዞሩት በዚያ ወጣ።

"እዚህ ውስጥ አንድ ሳምንት ኖሮ ቢሆን ይህ ጭራ ይተርፍ ነበር?" አለች አንጓች።

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ባላምባራስ ገመዱን ለቀቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እውነተኛ እንባ አለቀሰ።

ንጉሡ ፈረዱ። ባላምባራስ ላሟን ለባልቴቷ፣ በቅሎዋን ለሸማኔው ይመልስ። የወፎቹን ቤት ሁሉ ይክፈት፤ መብረር የሚችል ይብረር፣ መብረር የረሳውን በሩን ክፍት ትቶ ይመግብ። በየገበያውም ባዶውን የወፍ ቤት እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ይዙር።

አንጓች ካባዋን አውልቃ አቀረበች። "ልበሺው" አሉ ንጉሡ። "ያንቺ ቅጣት ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ድንጋይ ላይ ወጥተሽ፣ በሕዝብ ፊት አላውቅም ብለሽ ትጮኺያለሽ።"

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልትሞት ደረሰች። በሁለተኛው ድምጿ ተሰማ። በሦስተኛው የገበያው ልጆች አብረዋት ጮኹ። ከዚያ በኋላ ሰው ለፍርድ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጣላት ጀመር። አላውቅም ስትል በጆሮው የሰማ ሰው፣ አውቃለሁ ስትል ያምናታል።

ሰማያዊው ወፍስ? የቢራራን ማር ልሶ ልሶ በረታ። አንድ ቅዳሜ ተነሣና አንጓች በቆመችበት ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረ። ሕዝቡ "ሊመርቃት ነው!" ብሎ አንጋጠጠ። ወፉ ኩሱን ካባዋ ላይ ጣለና ወደ መጣበት በረረ።

"ምን ማለቱ ነው፣ እሜቴ?" አለ ቢራራ።

አንጓች ካባዋን አየች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ልትስብ እጇን አነሣች፤ ተወችው።

"አላውቅም!" አለች ጮክ ብላ።

አያችሁ ልጆች፣ አላውቅም ማለት ለአፍታ ያሳፍራል፤ ሳያውቁ አንገት ደፍቶ መሾም ግን የሰው ከብት ያስነዳል።

ተረቴ በረረ፤ ላባው እናንተ ዘንድ ቀረ።