አያ እንየው ዝም ያለ ቀን

አንድ ቀን፣ መተማ ቆላ ውስጥ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ፣ ሠላሳ አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ሲወርዱ አዲስ ተቆጣጣሪ ቆሞ ጠበቃቸው። ውብሸት ይባላል፤ ኮፍያው ከራሱ የሚሰፋ፣ መዝገብ ከእጁ የማይለይ የከተማ ሰው ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «እያንዳንዱ ሰው ያጨደው ነዶ በስሙ ይመዘገባል። ቅዳሜ ስንደርስ ከሁሉ ያነሰው ጓዙን ይጠቀልላል!»

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው አያ እንየውን ነበር። ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ፣ ሃምሳውን የደፈነ ሰው ነው። ማጭዱንስ ያውቅበታል፤ ግን አቀንቃኝ ነው። ከፊት ከፊት እየሄደ ያዜማል፣ አጫጆቹ ይቀበሉታል። የጎበዙን አባት ያወድሳል፤ ወደ ኋላ የቀረውን በስሙ እየጠራ ያሸሙርበታል። የተሸሞረበትም ሰው እፍረቱን ለመሸሽ ሲል ብቻውን የሁለት ሰው ያጭዳል። በዚህ መሀል አያ እንየው የራሱን ነዶ የሚያስርበት ፋታ ከየት ይምጣ?

ያን ሳምንት የአጫጆቹ ጨዋታ ቀነሰ። ቁጥር እንዲበዛለት ነዶውን የማያቀጥን፣ የጎረቤቱን ነዶ በጎሪጥ የማያይ ጠፋ። ያም ሆኖ አያ እንየው ዜማውን ሲያነሳ አብረውት ይነሱ ነበር።

ቅዳሜ ውብሸት መዝገቡን ገለጠ።

«ሁሉም በቀን አርባና ከዚያ በላይ አጭዷል። እንየው! የአንተ አሥራ አምስት! ለሥራ ነው ወይስ ለሠርግ የመጣኸው?»

«አለቃ፣ እኔ እኮ አቀንቃኝ ነኝ።»

«ዘፈን የሚጻፍበት መስመር መዝገቡ ላይ የለም! እኔ የማውቀው ነዶ ነው።»

አያ እንየው የአምስት ልጆች አባት ነው። ባዶ እጁን ቢመለስ ሚስቱ ምን እንደምትለው ከወዲሁ ተሰማውና ደነገጠ።

«እሺ አለቃ፤ ሰኞን ብቻ ይጨምሩልኝ። ካነስኩ፣ ሂድ ሳይሉኝ እሄዳለሁ።»

ሰኞ አፉን በፎጣ ጠቅልሎ ወረደ።

«አያ፣ ምነው? አንሳልን እንጂ!» ቢሉት፣ ራሱን ነቅንቆ ማጨዱን ቀጠለ። ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ «ወገቤን!» አለ። አራት ሰዓት ላይ ሌላው ውኃ ልጠጣ ብሎ ሄዶ ቀረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግማሾቹ ግራር ሥር ተጋድመዋል። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ፍሬው አፉን እየከፈተ መሬት ላይ ይረግፍ ጀመር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውብሸት ቆጠረ። የአያ እንየው ነዶ ሃምሳ ሁለት! ከሌሎቹ ግን ሃያን የዘለለ አልተገኘም። የሚረግፈውን ሰሊጥ ሲያይ ላብ አጠመቀው።

«እንየው፣ አንተስ ጎበዝ፣ አንደኛ ወጥተሃል! እነዚህ ግን ምን ነካቸው? ባለፈው ሳምንት አርባ አርባ ሲያጭዱ አልነበረም እንዴ? ግማሹ የት ገባ?»

አያ እንየው ፎጣውን ከአፉ ፈታ።

«የትም አልገባ፣ አለቃ። ያ ግማሽ የእኔ ነበር፤ እርስዎ ነዎት በእነሱ ስም የጻፉት።»