ሦስቱ የገደል ምስክሮች

ተረት ተረት ብያለሁና የላሙን በረት ዝጉና ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ከአንዲት ምንጭ በሚጠጣበት አገር፣ በጋ በገባ ቁጥር የውሃ አባት ይመረጥ ነበር። የውሃ አባት ማለት ውሃውን በተራ የሚያካፍል ነው። እመት ኤሊ ብዙ በጋ አካፈለች፤ ምንጩም ነጥፎ አያውቅም። አንድ በጋ ግን ቀበሮ፣ «ዘንድሮስ እኔን!» ብሎ ተነሣ።

ቀበሮ ስለ ውሃ አያውቅም፤ ስለ ጆሮ ግን ያውቃል። ገደል አፋፍ ወጥቶ፣ «ኤሊ ውሃ ትሰርቃለች! ድንጋይ ልብሷ ሥር ትደብቃለች!» ብሎ ጮኸ።

«ትደብቃለች!» አለ ማዶው።

«ትደብቃለች!» አለ ሸለቆው።

«ትደብቃለች!» አለ ዋሻው።

በዚያ አገር ሕግ ሦስት ምስክር ከቆመ ነገር አለቀ ነው። አህያ ጆሮዋን አቁማ፣ «ሰማችሁ? ሦስት ሆነው መሰከሩ!» አለች።

«ኧረ እመት አህዪት፣» አለች ኤሊ፣ «አፉ እኮ አንድ ነው። የቀረው ገደል ነው።»

«ገደል ምን ጥቅም አለውና ይዋሻል?»



«ንጹሕ ከሆንሽ ተገልበጪና እንይ!» አለ ከርከሮ።

ኤሊ በጀርባዋ ከወደቀች በራሷ አትነሣም። እምቢ ብትል ደግሞ «ይኸው ደብቃለች» ሊሏት ነው።

«እሺ። ግን መልሳችሁ አቁሙኝ።»

«እንዴታ!»

ገለበጧት፤ ፈተሿት፤ ጠብታ የለም።

«ምንም የለም እኮ!» አለች አህያ።

«ጠጥታዋለቻ!» አለ ቀበሮ ከአፋፉ።

«ጠጥታዋለቻ!» አለ ማዶው። ሸለቆው ደገመ፤ ዋሻው ሠለሰ።

«ይኸው፣ አሁንም ሦስት!» ብለው ቀበሮን ሊመርጡ ተሽቀዳደሙ። ኤሊን የሚያቆም አልተገኘም።

እመት ኤሊ ሰማይ ሰማይ እያየች፣ ጠዋት ጠዋት አገጯ ላይ ያረፈውን ጤዛ እየላሰች ሰነበተች። በመጨረሻ አህያ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ መጣችና በአፍንጫዋ ገፍታ አቆመቻት።

«ውሸት ነበር ለካ፣ እመት ኤሊ። ቀበሮ ውሃውን ከነዘመዶቹ ተራጨበት። እኛም እውነቱን አወቅን፤ አንቺን መርጠናል።»

«ምንጩስ?»

አህያ አንገቷን ደፋች።

«ገብቶኛል፣» አለች ኤሊ። ከዚያም እግሯን እየጎተተች፣ የሚካፈል ውሃ ወደሌለበት ምንጭ መንገድ ጀመረች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጠማው ግን እስኪጠራ አያድርም። በሉ፣ በረቱን ክፈቱ፤ ወሬ ሲመጣባችሁም አፉን ቁጠሩ፣ ገደሉን አትቁጠሩ።