የኩሬዋ ዘበኛ

ተረት ተረት፤ የኩሬዋ እንቁራሪት።

የአንዲት ኩሬ እንስሳት፣ ሰዎች ለጨዋታ እየለቀሙ ሲወስዷቸው መረራቸውና ከሰዎቹ ጋር ተነጋግረው ሕግ አወጡ፦ አንድ ሰው በዓመት የሚወስደው አንድ እንስሳ ብቻ ነው። እንቁራሪት ሕግ አክባሪ ናትና ጥበቃው ለእሷ ተሰጠ።

ሰኞ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው የመስታወት ሣጥን ይዞ መጣና ኤሊን ወሰደ። ማክሰኞ ጥቁር ካፖርት የለበሰ መጥቶ እንሽላሊትን ወሰደ። ረቡዕ ቀይ የለበሰ ብቅ ሲል እስስት ከቁጥቋጦዋ ላይ ሆና ተጠራጠረች።

«እመት እንቁራሪት፣ ልብሱ ተቀየረ እንጂ አካሄዱ ያው ነው። መልክ መቀየር የእኔ ሥራ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለች።

«አንቺን ብሎ ምስክር» አለች እንቁራሪት። «በቀን ሦስቴ የምትለዋወጪው አንቺ ሰው ትጠረጥሪያለሽ? ይህ ሌላ ሰው ነው፤ ይለፍ።»

ባለቀዩ ካፖርት እስስትን ወሰደ።

ሐሙስ ቢጫ የለበሰ መጣ። ከዘበኛዋ በቀር የቀረ አልነበረም። ሕግ ነውና፣ ሣጥኑ ውስጥ ራሷ ገባች።

ሰውዬው ቤቱ ሲደርስ ከእስስት ሣጥን አጠገብ አስቀመጣት። ከዚያ ቢጫውን ካፖርት አወለቀና ነጩ፣ ጥቁሩና ቀዩ በተንጠለጠሉበት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

እስስት አንድ ዓይኗን ወደ ሚስማሩ፣ አንድ ዓይኗን ወደ እንቁራሪት አዞረች።