ፊላው የተነቀለበት ሐይቅ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። እናንተም ትልልቆቹ፣ ሥራችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ስሙን የሚያስታውስ በሌለበት አገር አንድ ሐይቅ ነበር። ዳር ዳሩን ፊላ፣ ደንገልና ቄጠማ ስለሞላበት ከሩቅ ለሚያየው አረንጓዴ መቀነት የታጠቀ ይመስል ነበር። ሰዎች እየመጡ ደንገሉን አጭደው ታንኳ ያስሩበታል፤ ፊላውን ምንጣፍ ይሠሩበታል፤ ቄጠማውን በዓል ሲደርስ ቤታቸው ይጎዘጉዙታል። ሥሩን ግን አይነኩትም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

እዚያ ፊላ ውስጥ አንዲት ዳክዬ ትኖር ነበር። ክንፏ ተሰብሮ በደንብ ስላልገጠመ መብረር አትችልም። ባሏ ግን ከመንጋው ጋር በየዓመቱ ወደ ሩቅ ውሃ ይሄዳል። ሊሄድ ሲል እንዲህ ይላታል፦

«አይዞሽ። ከሰማይ ሲያዩት ሐይቅ ሁሉ አንድ ነው። የኛን ግን በፊላው አውቀዋለሁ። ፊላውን አይቼ እወርዳለሁ።»

«እኔም ፊላው ውስጥ እጠብቅሃለሁ» ትለዋለች።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ይረዝምባታል። ጠዋት ጠዋት የፊላውን ጥጥ የመሰለ አበባ እየነጨች ጎጆዋን ታለሰልሳለች። ጎረቤቷ እንቁራሪት፣ «ዛሬም ለሱ ነው የምታነጥፊው?» ስትላት፣ «ደክሞት ነው የሚመጣው፤ ሻካራ ላይ ይተኛ?» ትላለች።

ከሐይቁ ማዶ ደግሞ እንቁላል የሚወድ ቀበሮ ነበረ። የውሃ ወፎችን ጎጆ ፍለጋ ስንት ጊዜ ፊላው ውስጥ ገብቶ አፍንጫውን እያስቧጨረ ባዶውን ወጥቷል። አሰበ፣ አሰበና ሐይቁ ውስጥ ወደሚኖረው ጉማሬ ሄደ። ጊዜው በጋ ነው። ውሃው ቀነስ ብሎ ጉማሬው ሆዱ ጭቃ ነክቶ ተኝቷል።

«አያ ጉማሬ፣ ውሃህ የት ሄደ?»

«በጋ አይደል፤ ፀሐይ ወሰደችው።»

«ፀሐይማ አምናም ነበረች። ፊላው ነው የሚጠጣብህ። ፊላ ቆሞ ይጠጣል፣ ጉማሬ ተኝቶ ይጠማል።»

«ፊላውም እኮ አምና ነበር።»

«አምናማ ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ አድጎ ጠጪ ሆኗል።»

ጉማሬው ሳቀና ተወው። ቀበሮው በማግስቱ መጣ፤ «ፊላ ቆሞ ይጠጣል፣ ጉማሬ ተኝቶ ይጠማል» ብሎት አለፈ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ አለው። ነገር ሲደጋገም እውነት ይመስላልና ጉማሬው አንድ ቀን ተቆጥቶ ተነሣ።

ዳክዬዋ መንገዱ ላይ ቆመች።

«አያ ጉማሬ፣ እባክህ። ፊላው ውሃህን አይጨርስም፤ ጎርፉን አጣርቶ፣ ጭቃውን ይዞ ነው የሚያቆይልህ። የዓሣ ግልገል የሚያድገውም በሥሩ ነው። ከራበህ ጫፉን ብላ፤ ሥሩን ተውልን። ባሌስ ሲመጣ በምን ያውቀኛል?»

«ለባልሽ ብዬ እኔ በጥም ልሙት?» አለና ገባበት። ያኘከውን አኘከ፣ ያላኘከውን ነቀለ፣ የቀረውን ረግጦ ዳርቻውን መላጣ አደረገው። ቀበሮው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ የወፎቹን እንቁላል ለቀመ።

ክረምት ገባ። ከተራራው የወረደው ጎርፍ የሚያጣራው አጥቶ አፈሩን እንደያዘ ሐይቁ ውስጥ ተዘረገፈ። ውሃው አተላ መሰለ። ከዓሦቹ ገሚሱ ሞቶ ተንሳፈፈ፣ ገሚሱ ወደ ወንዙ ሸሸ። እንቁራሪቷም እንቁላሏን የምታጣብቅበት አጥታ ተሰናብታ ሄደች።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ መንጋው በሰማይ መጣ። ዳክዬዋ ጭቃው ላይ ቆማ አንገቷን ሰቀለች። የባሏን ድምፅ ከሁሉ ለየችው።

«እዚህ ነበር» ይላል።

«ታዲያ ፊላው የታለ?» ይለዋል መሪው። «ተሳስተሃል። እንሂድ፣ ሊመሽብን ነው።»

«እኔ ነኝ፤ እዚህ ነኝ፤ ውረድ» አለች ዳክዬዋ። ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደባት። ባሏ አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ዝቅ ብሎም አየ። ጭቃ የመሰለች ወፍ ጭቃ ላይ ቆማ ከላይ አትታይም። መንጋውን ተከትሎ ሄደ። ነጥብ እስኪሆኑ፣ ነጥቡም እስኪጠፋ ድረስ አየቻቸው።

ይህን ሁሉ ጉማሬው አየ። ራሱን ውሃው ውስጥ ቀበረ።

ቀበሮው ደግሞ «ከእንግዲህ መደበቂያ የላትም» ብሎ ዳክዬዋን ሊበላ መጣ። እሷ ስትሸሽ እሱ ፊላ በነበረበት ዳርቻ ተወርውሮ ገባ። መሬቱ ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ የሚይዘው ሥር ስለሌለ ግን ውስጡ ማጥ ሆኗል። ቀበሮው እስከ አንገቱ ሰመጠ።

«አያ ጉማሬ፣ የምይዘው ነገር አቀብለኝ።»

ጉማሬው ግራ ቀኙን አየ። «ምን ላቀብልህ? ፊላ ነበረ፤ አንተ መከርከኝ፣ እኔ ነቀልኩት።»

ማጡም ቀበሮውን ዋጠው።

ከዚያ ጉማሬው ወደ ዳክዬዋ ቀረበ። «በድዬሻለሁ። ባልሽን ልመልስልሽ አልችልም። ምን ላድርግ?»

«ወንዙ መግቢያ ላይ ጥቂት ፊላ ቀርቷል። ሥሩን በአፍህ አምጣልኝ፤ እንዳትጨፈልቀው።»

እሱ ያመጣል፤ እሷ በመንቁሯ እየሸጎጠች ትተክላለች። ዓመት ዓመትን ተካ። ፊላው ቆመ፣ ውሃው ጠራ፣ ዓሣው ተመለሰ።

አንድ ጥቅምት መንጋ መጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። ዳክዬዋ ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀዘፈች ፊታቸውን አየች። ባሏ የለም። ስትጠይቅ አንዲት ወጣት ዳክዬ እንዲህ አለቻት፦

«አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ እናቴ። በደረስንበት ሐይቅ ሁሉ ዝቅ ብለው ፊላውን ያዩና ‹ይሄም አይደለም› ብለው ይነሣሉ። አምና ሊፈልጉ እንደተለዩን አልተመለሱም።»

ዳክዬዋ ወጣቷን አየቻት። እንቁላል መጣያዋ ደርሶ ደክሟታል። ለባሏ ብላ እንደገና ያለሰለሰችውን ጎጆ ለቀቀችላት። እሷ ግን ከፊላው ወጣ ብላ፣ ከሰማይ በምትታይበት በግልጡ ውሃ ላይ መዋል ለመደች። ጉማሬውም ሲርበው ሜዳ ወጥቶ ሣር ይግጣል እንጂ ፊላውን አይነካም።

እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ እናንተም ለሚቀጥለው አድርሱ። «ምልክቱን የነቀለ፣ መንገደኛው አለፈኝ አይበል» የሚባለው ለዚህ ነው።