ጭቃው እርጥብ ሳለ

ተረቴ ከወንዝ ዳር ተነስቶ መጣ፤ ጆሯችሁን ስጡት።

በጥልቁ ወንዝ አንድ ኩሩ አዞ ይኖር ነበር። በማዶው ረግረግ ደግሞ ትንሽዬ፣ ዓይን አፋር አዞ ትኖር ነበር። አንድ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረና ረግረጉ መድረቅ ጀመረ። ትንሿ አዞ ወደ ወንዙ መጥታ፣ «አያ አዞ፣ ዘንድሮ ውሃው አይዘልቅም። ጭቃው እርጥብ ሳለ ድርቁን ተጠልለን የምናሳልፍበት ጉድጓድ እንቆፍር» አለችው።

«ጭቃ መቆፈር የእናንተ የረግረጎቹ ሥራ ነው፤ እኔ የወንዝ ልጅ ነኝ» ብሎ ሳቀባት።

አፍራ ተመለሰችና ለራሷ የሚበቃትን ቆፍራ ገባች።

ወንዙም ደረቀ። ኩሩው አዞ በጠራራ ፀሐይ እየተጎተተ ከጉድጓዷ አፍ ደረሰ። እሷ እስከ ግድግዳው ተጠግታ ቦታ ለቀቀችለት፤ ትከሻው ግን አላልፍ አለ። መሬቱን ቢቧጭረው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ።

ዝናብ መጥቶ ወንዙ ሲሞላ ትንሿ አዞ ወጣች። ጎረቤቷ ኤሊ፣ «ግቢ እንጂ፣ ወንዙ እኮ ያንቺ ሆነ» አለቻት።

«ምነው ያኔ ሳቁን ችዬ ደግሜ በነገርኩት ኖሮ» አለችና ከዳር ቆማ ቀረች።

ተረቴን አደረስኩ፤ እናንተንም ደህና ያድርሳችሁ።